የአባ ዩሱፍ ሐረግ

ባለፈው ሳምንት ጭሮ ውስጥ አንድ ኬክ ቤት ገብቼ ሻይ አዘዝኩ። ግድግዳው ላይ ሐረግ እስከ ጣሪያው ድረስ ወጥቷል። ቅጠሉን ልዳስስ እጄን ስዘረጋ አስተናጋጇ ሳቀች። «ፕላስቲክ ነው አባባ። ውሃም አይፈልግ፣ አቧራውን መጥረግ ብቻ ነው።» አብሬያት ሳቅኩ፤ ሻዬ ግን አልጣመኝም። ሐረግ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ አንድ ሰው አሉ።

ግብርና ተምሬ መሰላ ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ስላደግኩ ማርን የማውቀው በብልቃጥ ነው። ምላሴ ግን እንደ አሮጌ ገበሬ ያዝዝ ነበር።

አባ ዩሱፍ ከከተማዋ በላይ፣ ደኑ ጥግ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። አንድ ብርዳማ ጠዋት በወተት የተፈላ የቡና ቅጠል፣ ሆጃ፣ ከትኩስ የማሽላ ቂጣ ጋር አቀረቡልኝና ቡናቸውን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ለቡናው ጥላ የሆነው ትልቅ ዋንዛ ላይ ክንድ የሚያህል ሐረግ ተጠምጥሟል። ከታች ራቁቱን ነው፤ አንድ ቅጠል የለውም። ከእርጥቡና ጥላ ከበዛበት አፈር ተነስቶ፣ ቀጫጭን የቅጠል እጀታዎቹን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየጠመጠመ ይወጣል። የሚለመልመው ዛፉ አናት ላይ ደርሶ ፀሐይ ሲያገኝ ነው።

«ይቆረጥ፤ ዛፉን እየመጠጠው ነው» አልኩ። ከሌላ ዛፍ ላይ ስለሚመጥ ጥገኛ ተክል ተምሬ ነበርና። ይህ ግን የራሱ ሥር ነበረው፤ ዋንዛውን የፈለገው ለመወጣጫ ብቻ ነው። ሥሩ ደግሞ እግሬ ሥር ነበር፤ ጎንበስ ብዬ አላየሁትም።

«ሂዳው በበጋ ያብባል እኮ» አሉ አባ ዩሱፍ፤ ሐረጉን በኦሮምኛ ሲጠሩት። «ንቡ እሱን ነው የሚበላው። አንተ ግን ተምረሃል፣ መንግሥት ልኮሃል። ቁረጥ ካልክ እቆርጣለሁ።»

መጥረቢያቸውን አነሱ።

በጋው ገባ። ሌላ ዓመት በነጭ አበባ ይሸፈን የነበረው ሐረግ ደርቆ ተንጠለጠለ። በዚያ ዳገት ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ለንብ የሚሆን ሌላ አበባ አልነበረም። የአባ ዩሱፍ ንቦች ቀፏቸውን ጥለው ሄዱ፤ የጎረቤቶቻቸውም ተከተሉ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔም እንደ መንግሥት ሰው ተጠርቼ በክብር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሂዳውን ማን ነው ያጠፋው?» ተባለ። ብናገር ደብዳቤ ተጽፎብኝ ከሥራ የምባረር መሰለኝ። ፈራሁ።

አባ ዩሱፍ ወደ እኔ እንኳ ሳያዩ ተነሱ። «እኔ ነኝ። መጥረቢያው የኔ፣ እጁም የኔ። ወላሂ ሌላ ሰው አልነካውም።» ጎረቤቶቻቸውን ሁለት ፍየል እንዲክሱ ተፈረደባቸው። እኔ ከበርጩማዬ አልተነሳሁም።

ቁልቁል ስንወርድ ይቅርታ ልል ስንተባተብ ትከሻዬን ያዙኝ። «አንተ ገና ልጅ ነህ፤ ትማራለህ። ካባረሩህ የት ትማራለህ?»

በእርግጥም ተማርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ገበሬውን ሳልጠይቅ ቁረጥ ብዬ አላውቅም፤ ሰው ትሕትና ይለዋል። አባ ዩሱፍ ካረፉ ቆይተዋል። ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው ናቸው፤ የመንደሩን ንብ ያባረረው የአባታቸው መጥረቢያ እንደሆነ ነው የሚያውቁት። መሰላ ከጭሮ ሩቅ አይደለም። ሄጄ እውነቱን እንዳልነግራቸው እግሬን እያመመኝ ነው እላለሁ።

እግሬ ደህና ነው።