የቄሶቹ ቤት መስኮት

ማን ያምነኛል ብዬ አውርቼው አላውቅም። በኮሮናው ጊዜ እናቴ ሆሳዕና ከተማ አረፈች። በረራ ተቋርጦ አልቀበርኳትም፤ እዚህ ጆሃንስበርግም መሰብሰብ ስለተከለከለ ለቅሶ የሚደርሰኝ አልነበረም።

አንድ ቀን ለስፓዛዬ፣ ለትንሿ የሰፈር ሱቄ፣ ዕቃ ላመጣ ስወጣ፣ ጥንት ለቄሶች የተሠራ የድንጋይ ቤት አየሁ። ጫፋቸው የሾለው መስኮቶቹ እናቴ ትዘምርበት የነበረውን፣ ሚሲዮኖች የሠሩትን ቤተ ክርስቲያን አስታወሱኝ። ፈዝዤ ቆምኩ።

በዕድሜ የገፉ ነጭ ሴት መስኮቱን ከፈቱ።

"ምን ፈልገህ ነው?" አሉ በእንግሊዝኛ።

ፖሊስ ይጠሩብኛል ብዬ ደነገጥኩ። "ይቅርታ ማማ፣ እናቴ የሞተችበት አገር፣ ኢትዮጵያ፣ ሆሳዕና፣ እንዲህ ያለ መስኮት አለ።"

ከዚያ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔም እዚያ ነው የተወለድኩት፤ የሚሲዮኖች ልጅ ነኝ። እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ" አሉኝ፤ በእናቴ ቋንቋ፣ በሀዲይኛ።