የደሴ ልጅ ለአሰብ ቁንጅና

ከደሴ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። የአሰብ ጭነት መኪና በረሃውን የሚያቋርጠው በሌሊት ነው፤ በቀን ከሆነ ጎማውም ሰውም ይቀልጣል ይላሉ። ከጦሳ ተራራ ጉሙ እየወረደ ነበር። እናቴ ሁለት ጋቢ ደራርባብኝ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ወተፈችኝ። ባቲ ስንደርስ አንዱን አወለቅሁ፤ ሚሌን ስናልፍ ሁለተኛውን፤ አሰብ ስገባ ቆዳዬንም ባወልቅ ደስ ባለኝ ነበር።

እዚያ ደሴ ብርድ ብርድ እያላችሁ የምታማርሩ ጓደኞቼ፣ ኑና እዩት። እዚህ ጠዋት አንሶላ ይጨመቃል። አልጋችንን ደጅ አውጥተን ነው የምንተኛ። እንጀራው ባደረ ማግስት ጺም ያበቅላል፤ ውሃው ጨው ጨው ይላል፤ ዓሣው ግን ሞልቷል፣ ብቻ እኔ ዓይኑ ሲያየኝ መብላት አልችልም። ወደብ ላይ ታይፒስት ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት ቀኑን ሙሉ ቡና በጆንያ፣ ቆዳ በእስር እያልኩ ታይፕ ለመምታት ኖሯል!

ታዲያ የሠራተኞች ክበብ የቁንጅና ውድድር አወጀ። የምታሸንፈው በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄዳ ከሌላ አገር ልጆች ጋር ትወዳደራለች ተባለ። እውነቱን ልናገር፣ የጠራኝ ቁንጅናው አይደለም፤ አውሮፕላኑ ነው። ከጣራችን በላይ እየጮኸ ሲነሳ አንገቴ እስኪታመም ነው የማየው። አዲስ አበባ ከገባሁ ደግሞ ትምህርቴን የምቀጥልበት አላጣም ብዬ ልመዘገብ ሄድኩ።

«አሰብን የምትወክል ቆንጆ ነው የምንፈልገው» አለኝ የክበቡ ጸሐፊ አቶ ተክሌ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እያየኝ።

«እኔ እኮ የደሴ ልጅ ነኝ። ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። አሰብን የአፋር ልጅ አትወክላትም?»

«እነሱማ እዚያ በረሃው መሃል ደባይሲማ ናቸው፣ ከግመላቸው ጋር። ማን ሄዶ ይጠራል?»

«መኪናው በዚያው አይደል የሚያልፈው?»

«አንቺ ልትወዳደሪ ነው ልትከራከሪ የመጣሽው? ዋስ አለሽ?»

«የምን ዋስ? ቁንጅናዬን ይዤ እንዳልጠፋ ነው?»

«ሕግ ነው!» አለና ጠረጴዛውን መታ። «ደግሞ ያላገባሽ ነሽ። አባትሽ ካልፈቀዱ መድረክ ላይ አትወጪም። በስልክ ይንገሩሽ፤ እኔው ራሴ አጠገብሽ ቆሜ እሰማለሁ።»

እስኪደወል ድረስ ዝግጅቱ ተጀመረ፣ እኔም ግራ የገባኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ቤት ያከራዩኝ እትዬ ዘሃራ የወረኢሉ ሰው ናቸው፣ ባላቸው ባለሱቅ። «ሰው ፊት የምትቆም ልጅ አጥንቷ አይቆጠርም» ብለው ጠዋት አብሽ፣ ማታ የግመል ወተት ይግቱኛል። ራሴን ቅቤ ቀቡኝ፤ በአሰብ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እንዲያ አብጬ ቀሚሱን የምትሰፋው ጣሊያናዊት ዘንድ ስሄድ፣ ሲኞራ ወገቤን በሜትር ለክታ ትጮኻለች። «ባስታ! ኖ ማንጃሬ!» በቃ፣ አትብዪ ማለቷ ነው። አንዷ ታሰፋኛለች፣ አንዷ ታጠብበኛለች። የቱ ነው ቆንጆ የሚባለው?

መራመዱ ደግሞ ባሰ። ደሴ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ ጨዋ ትባላለች፤ እዚህ «ቀና በይ፣ ጥርስሽን አሳይ!» ነው። እናንተ ሰፈር ጥርሴን እያሳየሁ ብሄድ ማን ላይ ነው የምትስቂው ብላችሁ ትጣሉኛላችሁ። በተውሶ ታኮ ጫማ ስለማመድ ታኮው አሸዋው ውስጥ እንደ ችካል ተተክሎ ቀረ። ከወደብ የሚመለሱ ወዛደሮች አይተውኝ «ኧረ ኑ! አዲስ ክሬን መጣ!» ብለው ሳቁ። እኔም አልቀረሁም፤ «ክሬን ከሆንኩ እናንተን አንስቼ ባሕር ውስጥ ነው የምጥላችሁ!» አልኳቸው። ከዚያ ግን ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ብዙ ቆየሁ። ምን እንደምፈልግ እንጃ።

ሐሙስ ስልክ ቤት ሄድን። አባቴን ከእህል ተራ አስጠርተውልኝ ነበር። አቶ ተክሌ አጠገቤ ቆሟል።

«ጽጌ! ማን ሞተ?» አለ አባቴ፣ ገና ሀሎ ሳልል።

«ማንም አልሞተም አባባ። ደህና ነኝ።»

«ደህና ሰው በስልክ ይጣራል እንዴ?»

«ውድድር ልገባ ነው። የቁንጅና። እርስዎ ካልፈቀዱ አይሆንም አሉኝ።»

«የቁንጅና? ከማን ጋር?»

«ከሌሎች ልጆች ጋር። መድረክ ላይ እንቆምና ሰዎች አይተው ይመርጣሉ።»

«የማን ወገን ናቸው? ሽማግሌ መላክ አይቀድምም?»

«ለጋብቻ አይደለም አባባ።»

«ለጋብቻ ካልሆነ ምን ያያሉ?»

አቶ ተክሌን አየሁት፤ እሱም ጣራ ጣራውን ያያል።

«ካሸነፍኩ አዲስ አበባ በአውሮፕላን እሄዳለሁ» አልኩ።

«ካሸነፍሽ ምን ይሉሻል?»

«ቆንጆ ይሉኛል።»

መስመሩ ይንሿሿል። ተቋረጠ ስል ድምፁ ዝቅ ብሎ መጣ። «እኛስ ዓይን እንዳይበላሽ ፈርተን ነው እንጂ ልጄ፣ መች አጥተነው ዝም አልን? አሁን ግን…»

መስመሩ ቀጥ አለ። ስልከኛው ቢያዞር ቢያዞር ደሴ አልመልስ አለች። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

«እህስ፣ ፈቀዱ?» አለ አቶ ተክሌ።

«ፈቀዱ» አልኩት።

ቀሚሱ አልቋል፣ ቅዳሜ መድረክ ላይ እወጣለሁ። እናንተ ደሴ ያላችሁ፣ እህል ተራ ስታልፉ አባቴ ዘንድ ጎራ በሉልኝ። ጽጌ ዋሸች ወይ ብላችሁ አትጠይቁት። «አሁን ግን» ካለ በኋላ ምን ሊል ነበር፣ እሱን ብቻ ጠይቁልኝ።