ማስተዋልማ አርፋለች

ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ደብረ ማርቆስ በተከራየሁት ቤት አልጋዬ ላይ ተኝቼ፣ ሰዎች ሲያለቅሱልኝ ሰምቼ ነቃሁ...

ሲያለቅሱ አይደለም ያልኩት። ሲያለቅሱልኝ። ስሜን እየጠሩ።

ነገሩ የጀመረው አርብ ነው። እኔ ቀን ቢሮ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ማታ ለሁለተኛ ዲግሪዬ እማራለሁ፣ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ ለስኮላርሺፕ የእንግሊዝኛ ፈተና አጠናለሁ። የክፍል ጓደኞቼን ልቅደም ብዬ መመረቂያ ጽሑፌንም ከወዲሁ ጀምሬዋለሁ። ቀን የሚተኛ ሰው ሳይማ ያናድደኝ ነበር።

አርብ ከሰዓት ቢሮ ውስጥ ከወንበሬ ተነሳሁ... ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የክሊኒክ ጣሪያ ነው። ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ፣ «እህቴ፣ በሽታ አላገኘሁብሽም። እንቅልፍ ነው ያጣሁብሽ» አለኝ። የቢሮ ልጆች በባጃጅ ቤቴ አደረሱኝና ጋቢዬን ተከናንቤ ወደቅሁ።

አከራዬ እትዬ ስመኝ ደግ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ መጮኹን አላቆም ሲል፣ እንዳይቀሰቅሰኝ ብለው ይዘውት ወጡ። ደዋዩ ደምበጫ ያለው አጎቴ ይርጋ ነበር። ኋላ ሁለቱንም ጠይቄ እንደተረዳሁት ወሬያቸው ይህን ይመስላል፦

«ሄሎ፣ ማስተዋል?»

«አይደለሁም፣ አከራይዋ ነኝ። ማስተዋልማ አርፋለች።»

«ምን?... ምን አሉኝ?»

«አርፋለች! ትናንት ቢሮ ወድቃ ተሸክመው አመጧት። መከራዋን ነው ያየች ልጅቱ። ዛሬስ ተመስገን፣ ተገላገለች። እኔም ፊቷን ሸፈን አድርጌላት፣ በሩን ገጠም አድርጌ ወጣሁ...»

እዚህ ላይ የስልኬ ባትሪ አለቀ። እትዬ ስመኝ ስልኩን መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠው ገበያ ሄዱ።

አጎቴ ምን ያድርግ? በእኛ አገር መርዶ ለእናት እንዲሁ ዘው ተብሎ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስቦ ሚኒባስ ያዘና ለእናቴ «ማስተዋልን ትንሽ አሟታል፣ እንጠይቃት» ብቻ አላት። እሷም አጥሚት ልትሠራልኝ የአጃ ዱቄት በፌስታል ቋጥራ መሃላቸው ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ማንም ቀና ብሎ አላያትም አሉ።

ግቢው በር ላይ ሲደርሱ አጎቴ መቻል አቃተው። ነጠላውን አዘቅዝቆ «ወይኔ ማስተዋል!» ሲል ሁሉም ተከተለው። እናቴ ያኔ ገባት።

እንቅልፌ ውስጥ ድረስ የመጣው የእሷ ድምፅ ነው።

«"ልጨርስና እመጣለሁ" ስትይኝ ከርመሽ፣ ጨረስሽ ወይ? ጨረስሽ ወይ ልጄ?»

«ልጨርስና እመጣለሁ» የእኔ ቃል ናት። ለመስቀል ነይ ስባልም፣ ለፋሲካ ነይ ስባልም የምመልሰው እሷኑ ነበር።

እያለቀሱ ክፍሌ ሲገቡ ጋቢውን ገልጬ ቀና አልኩ። «እማዬ... ማን ሞቶ ነው?»

የአክስቴ ልጅ በሩ እያለላት በመስኮት ልትወጣ ታገለች። አጎቴ ደጋግሞ አማተበና «እስቲ እጅሽን ስጭኝ» አለኝ፤ ስሰጠው ግን ለመያዝ ፈራ። እናቴ ብቻ አልጮኸችም። ቀስ ብላ መጥታ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች።

«ትሞቃለች» አለች። «ልጄ ትሞቃለች።»

ከዚያ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ዘጭ አለች። የዱቄቱን ፌስታል አሁንም በሌላ እጇ ጨብጣዋለች። እኔም አንገቷ ስር ገብቼ ተንሰቀሰቅሁ። ደክሞኝ እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማኝ ያኔ ነው።

በዚህ መሃል እትዬ ስመኝ ከገበያ ደረሱ። ግቢው በለቅሶ ተሞልቷል። ዘንቢላቸውን ወርውረው ደረታቸውን እየደቁ፣ «ኧረ እኔ በደህና ተኝታ ትቻት ነው የወጣሁ!» እያሉ ኡኡታውን አቀለጡት። እሳቸውን ለማጽናናት ሟቿ ራሷ መውጣት ነበረባት።

ለካ ደምበጫም ድንኳን እየተተከለ ነው። አጎቴ ስልኩ ላይ ይጮሃል፦ «አውርዱት! አለች እያልኩህ!... ኧረ ቁጭ ብላ አጥሚት እየጠጣች ነው!»

ሰዉ ትንሽ ሲረጋጋ እናቴን «ትምህርቱን እተወዋለሁ» አልኳት። ተቆጣች።

«ማን ተይ አለሽ? ተማሪ እንጅ! እኔም መመረቅሽን ማየት እፈልጋለሁ። ግን ጋውን የለበስሽበትን ፎቶ ለቅሶ ላይ እንድይዘው አታድርጊኝ።»



እና አልተውኩም። መመረቂያዬን ከክፍል ጓደኞቼ ጋር እጨርሳለሁ፣ ቀድሜያቸው አይደለም። የእንግሊዝኛውን ፈተና ወደሚቀጥለው ዙር ገፋሁት። እሁድ እሁድ ደምበጫ ነኝ። ቀላል እንዳይመስላችሁ... የመጀመሪያው እሁድ እናቴ ደጃፍ ቁጭ ብዬ እጄ ሳያውቀው መጽሐፍ ይፈልግ ነበር።

እትዬ ስመኝም ተምረዋል። ተኝቼ ስልኬን ካነሱ ሄሎ እንኳ ሳይሉ «አልሞተችም! ተኝታ ነው!» ይላሉ። አለቃዬም ደውሎ ይህችኑ ሰምቷል።

ልጅ ሆኜ «አርፈሽ ተቀመጭ!» ስባል አልሰማም ነበር። አሁን ግን... ማረፌ ላይቀር፣ በቁሜ ልረፍ ብያለሁ።