ዘግይቶ የደረሰኝ መርዶ

የእኛ አገር ሰላምታ ለደንቆሮ የተሠራ ነው። ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን ዐሥር ዓመት ሙሉ ኖሬበታለሁ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝህ "እንዴት አደርክ?" ይላል፤ "እግዜር ይመስገን" ትላለህ። "ልጆቹ ደህና?" "እግዜር ይመስገን።" "ከብቱስ? አዝመራውስ? ጉልበትህስ?" "እግዜር ይመስገን፣ እግዜር ይመስገን፣ ክብሩ ይስፋ።" አንድም ቃል ሳትሰማ፣ ፈገግ ብለህ አንገትህን ዝቅ ከፍ እያደረግህ ገበያውን ዞረህ ቤትህ ትገባለህ። ይባስ ብለው "ምን ያለ ጨዋ ሰው ነው!" ይሉሃል።

እኔ ወረታ ከተማ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ከማሽኑ ጎን ቆሜ ነው የሸበትኩት። ጆሮዬ መቼ እንደከዳኝ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ በአንድ ቀን አልሄደማ። መጀመሪያ የወፎቹ ጩኸት ጠፋ፤ የዘንድሮ ወፍ ሰነፍ ነው አልኩ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ራቀ፤ ደዋዩ አርጅቷል አልኩ። ከዚያ ሚስቴ ማጉረምረም አበዛች፤ "አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ እንጂ!" እያልኩ እቆጣት ነበር። ጥፋቱ ሁሉ የሌላ ነበር። የእኔ ጆሮ? ኧረ ምን ሆኖ!

ሚዜዬን ያጣሁት በዚህ አመሌ ነው። ሠርጌ ላይ አጠገቤ የቆመ፣ ከልጅነት አብሮ አደጌ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የፎገራ ሜዳ ላይ ያርሳል። እናቱ እኔንም "ልጄ" ነበር የምትለኝ። የወለደችኝ በሕፃንነቴ ስለሞተች እናት የማውቀው በእሷ ነው፤ ብታመም የምትጨነቀው፣ ባጠፋ በአርጩሜ የምታባርረኝ እሷ ነበረች።

አምና በጥር፣ ሩዙ ታጭዶ ማሽን ቤቱ እስከ ደጃፉ በጆንያ በሞላበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ሚዜዬ እየሮጠ መጣ። ማሽኑ ይጮሃል፤ ገለባው ዓይን አያስገልጥም። በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር አለኝ። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ ነውና፣ እኔም ከነፈገግታዬ "እግዜር ይመስገን! ክብሩ ይስፋ!" ብዬ ወደ ማሽኔ ዞርኩ። ቀና ስል የለም። ቸኩሎ ይሆናል ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ለካ "እናቴ ሞተች" ነው ያለኝ። የዕድሩ ጥሩንባ ሳይነፋ፣ ዘመድ ሳይሰማ፣ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ለእኔ ሊነግረኝ ነው የሮጠው።

ጉዱን የሰማሁት ሚስቴ ከቀብር ስትመለስ ነው። ስትጮህማ እሰማታለሁ። "አገር ሁሉ ቀብሩ ላይ በዓይኑ ሲፈልግህ ዋለ! የሰው እናት ሞታ ተመስገን ይባላል?" ከነገለባዬ ሮጥኩ። ሚዜዬ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሲያየኝ ጀርባውን ሰጠኝ። የሰዉም አፍ መንቀሳቀሱን አቆመ፤ እኔ ጸጥታ መሆኑን የማውቀው በዚህ ነው። ላለቅስ ፈለግሁ፤ ግን በምን ፊቴ? እንባዬን ውጬ ተመለስኩ።

"አልሰማሁህም" ብለው ያን ዕለት ያልቅ ነበር። አንዲት ቃል! ግን ያችን ቃል ከምተነፍስ ምላሴ ይቆረጥ አልኩ። ሽማግሌ ተልኮ "ምን ነካህ?" ቢለኝ "ሥራ ይዞኝ ነው" ብዬ አረፍኩት። ሥራ ይዞኝ! ክፋቴ ጎረቤት ከተማ ሐሙሲት ድረስ ተወራ። በመጨረሻ ሚስቴ አፏን ጆሮዬ ላይ ደቅና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ክፉ ከምትባል ደንቆሮ ብትባል አይሻልህም?" አለችኝ። ሳምንት አኮረፍኳት። ሳምንቱ ሲያልቅ እውነቷን እንደሆነ ገባኝ።

መጀመሪያ ለጠበል ጣራ ገዳም ሄድን። አንድ አባት ጠጋ ብለው የሆነ ነገር ጠየቁኝ። "እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አባቴ" አልኩ። አባ በሳቅ ተንከተከቱ። ለካ "ምንህን ነው የሚያምህ?" ነው ያሉኝ፤ ስመልስላቸውም "ደህና ከሆንክ ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?" ማለታቸውን ሚስቴ በኋላ ነገረችኝ። ተጠመቅሁ። ሲሸኙን ግን ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ሐኪም ዘንድም ሂድ!" አሉ። ይህችኛዋን ሰማኋት።

ባሕር ዳር ያገኘናት ሐኪም ልጄ የምትሆን ናት። እንደ ቁም ሣጥን የጠበበች ክፍል ውስጥ አስገብታ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄን እንዳነሣ በምልክት አስረዳችኝ። እሷ ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ናት። እኔ ሞኝ ነኝ? ጣቷ ቁልፉን በነካ ቁጥር እጄ ሽቅብ! አንድም አልሳትኩ። እንዲህ የሚቀናው ኮራጅ ተማሪም የለም። ምን ዋጋ አለው፣ ነቃችብኝ፤ መጥታ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ከዚያ በኋላ ዝም። ግድግዳውን ሳይ፣ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። መብራት ጠፍቶ ይሆናል አልኩ። በሩን ስትከፍተው "ታዲያ መቼ ነው የሚጀመረው?" አልኳት።

"አባባ፣ አልቋል እኮ!" ብላ ጆሮዬ ላይ ጮኸች።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ውስጥ ውስጡን መደንቆሬ ውሸት መስሎኝ ነበር።

ባቄላ የሚያክሉ ሁለት መስሚያዎች ሰጠችኝ፤ በምስር ልክ በሆነች ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። "አባባ፣ መጀመሪያ ቤትዎ ውስጥ፣ በቀን ጥቂት ጥቂት ይልመዱት" ብላ መከረችኝ። ምክሯን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ እዚያው ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል ይላሉ፤ እኔ ያበድኩት ከባሕር ዳር ሳልወጣ ነው። ከኋላዬ አንዲት ሴት ፌስታል ነካካች፤ አጥር የፈረሰ መሰለኝ። ረዳቱ በሩን ሲዘጋው ከወንበሬ ዘለልኩ። ቆሎ ብቆረጥም የመንጋጋዬ ድምፅ ከማሽኔ በለጠ።

ቤቴም አላረፍኩ። ክረምት ነው፤ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቷል፤ የፎገራ እንቁራሪት ሁሉ ተጠራርቶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድማ ጣራው ተደረመሰ ብዬ ሚስቴን እጇን ጎትቼ ዝናብ ላይ አወጣኋት። ከሁሉ የባሰችው ደግሞ እሷው ናት። ለካ ይህች ሴት ስታማኝ የኖረችው ፊት ለፊቴ ነው! ወጥ እያማሰለች "ይህ ግትር፣ ይህ ደረቅ" ትላለች። በጋቢዬ ተከናንቤ ሁለት ቀን አዳመጥኳት። ከዚያ "ደረቅ ያልሽው ማንን ነው?" ብላት ማማሰያው ከእጇ ወደቀ።

መስሚያዎቹን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው። በቃኝ፣ ዝምታዬ ይሻለኛል! ሚስቴ አልተቆጣችም። "ደግ፤ ሚዜህ ዘንድ ግን ምን ይዘህ ልትሄድ ነው?" ብቻ አለች፣ ጮክ ብላ። ሣጥኑን ከፈትኩ፤ ሐኪሟ እንዳለችው በቀን ጥቂት ጥቂት፣ መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ ደጅ፣ ቀጥሎ ገበያ እያልኩ ለመድኩት። እንቁራሪቱም ቀስ በቀስ ከጆሮዬ ወጥቶ ሜዳው ላይ ቀረ።

ጥቅምት ላይ፣ ለእናቱ ሙት ዓመት ሦስት ወር ሲቀር፣ ሄድኩ። ሚዜዬ አጥር ያጥራል። አየኝና እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጠኝ።

"ብትዞርም አሁን እሰማሃለሁ" አልኩት።

ዞር አለ። መስሚያዎቹን ከጆሮዬ አውልቄ መዳፉ ላይ አኖርኳቸው። "ዐሥር ዓመት ሆነኝ" አልኩት። "የዚያን ዕለት አልሰማሁህም። ደንቆሮ ነኝ።"

አገላብጦ አያቸው። ከዚያ አፉ ተከፈተ። እጁ ይወራጫል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፤ እየሰደበኝ መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን ጆሮዎቼ እሱ እጅ ላይ ናቸው!

"ቆይ፣ ቆይ! መልስልኝና ስደበኝ!" አልኩት።

መለሰልኝ። እስክሰካቸው ጠበቀኝና ከሥር ጀምሮ ወረደብኝ። "አንተ ግትር! አንተ ድንጋይ! አልሰማሁም ብትል ምን ትሆን ነበር? ዘጠኝ ወር ሙሉ ብቻዬን! እኔ አንተን አጥቼ ከማን ጋር ላልቅሳት?" አንዷም ስድብ አላመለጠችኝም። ሁሉም ልኬ ነበሩ።

ሲደክመው ትከሻዬን ይዞ አጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። በእኛ አገር መርዶ ለቆመ ሰው አይነገርም። ቆቡን አወለቀ፣ ጉልበቴ አጠገብ ቁጢጥ አለና፣ "ወንድሜ፣ እናታችን ሞተች" አለኝ።

ዘጠኝ ወር የዋጥኩት ሁሉ ወጣ። "ወየው እናቴን! እናቴን!" እያልኩ ጮህኩ፤ ደረቴን ደቃሁ። የገዛ ጩኸቴ በመስሚያው ገብቶ ጆሮዬን ሰነጠቀው፤ አላወለቅሁትም። ጎረቤቱ ከየማሳው እየሮጠ መጣ፤ ሴቶቹ መቀነታቸውን እያጠበቁ "ማን ሞተ? ማን ሞተ?" ይላሉ።

"እናቴ" አለ ሚዜዬ፣ እሱም እያለቀሰ።

አንዲት አሮጊት ግራ ገባቸው። "እንዴ ልጄ! ካረፉ እኮ ዘጠኝ ወራቸው ነው!"

"ለእሱ ገና አሁን ማርዳቴ ነው" አላቸው።

አሮጊቷ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጡና፣ "እግዜር ያጥናህ ልጄ" ብለው አብረውኝ ማልቀስ ጀመሩ።