ጠርዛቸውን የቆረጥኳቸው ፎቶዎች

ቪዲዮ ማቀናበር ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ጥቁር ባዶ ቦታ የሚያናድደኝ ነገር የለም። ፎቶው ከስክሪኑ አንሶ ከላይና ከታች ጥቁር ከቀረ ልስን ሳያልቅ የተገባበት ቤት ይመስለኛል። እዚህ ቡራዩ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል፤ እኔም የተከራየሁት አንዱን ነው። ስለዚህ የሰው ሠርግ ስሠራ ፎቶዎቹን በሙሉ እመርጥና «ፍሬሙን ሙላ» የሚለውን እጫናለሁ። ሶፍትዌሩ ፎቶውን ያሳድግና ከጎን የተረፈውን ይቆርጠዋል። ማን እንደተቆረጠ ዞሬ አላይም።

የእናቴ ሙት ዓመት ሁለት ቀን ሲቀረው አባቴ ከሰበታ ደወለ። «ለሰው እንደምትሠራው የእናትህን ፎቶ ሥራልኝ። ዘመድ ሳይመጣ ብቻዬን ልያት» አለኝ። ገበሬ ነው፤ ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ እንኳ አያውቅም ነበር። ወዲያው እህቴ የቤቱን ፎቶዎች ላከችልኝ። ድሮ አባቴ በየመስቀሉ ፎቶ አንሺ ያስጠራ ነበር። እሱ መሃል ወንበር ላይ፣ እኔና እህቴ እግሩ ሥር፣ ሌላው ግራና ቀኝ፣ በሬዎቹ ሳይቀሩ እንደረደራለን።

መቀመጥ አቃተኝ። ተነስቼ ደጅ እወጣለሁ፣ ያልደወለ ስልክ አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ፊቷን ማየት ፈርቼ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያየው በስልክ ነው ብዬ ቪዲዮውን እንደ ቆመ ስልክ ጠባብና ረጅም አደረግኩት፣ ሁሉንም መረጥኩ፣ «ፍሬሙን ሙላ» አልኩ። አንዱንም ሳላይ ዘጋሁት።

በሙት ዓመቱ ጠዋት አየር ጤና ላይ ታክሲ ቀይሬ ሰበታ ገባሁ። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ። «አባባ፣ ይዩት» ብዬ ስልኩን ሰጠሁት። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየ። ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ።

«ኩን ሃርካ ኤኙቲ?» አለ በኦሮምኛ፤ «ይሄ እጅ የማን ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከፍሬሙ ጠርዝ አንድ እጅ ገብቶ የትንሽ ልጅ ኮሌታ ይዟል። ልጁ እኔ ነኝ። በሚቀጥለውም ያው እጅ ነው፣ አሁን ጆሮዬን። ጢም ካበቀልኩ በኋላ በተነሳነው ላይ ደግሞ ክርኔን። የእጁ ባለቤት ግን የለችም።

«በሬዎቹስ ይቆረጡ» አለ አባቴ። «እሷን ምን አደረግሃት?»

ጆሮዬ ጋለ።

«ቅብጥብጥ ነበርክ» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «ፎቶ አንሺው ሊያነሳ ሲል ትሮጣለህ። ነይ መሃል ግቢ፣ አጠገቤ ቁሚ ስላት፣ ልጁ ያመልጠኛል ብላ ዳር ትቀራለች። ዳር መቆሙ በዚያው ለመደባት።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ላፕቶፔን የጤፍ ጆንያ ላይ ዘርግቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉኛል ሥራ ቦታ፤ አሁን እየለቀምኩ ነው። እያንዳንዱን ፎቶ ጠርዙ እስኪታይ ድረስ አሳነስኩት። ከላይና ከታች ጥቁር ሆነ፣ ይሁን። በእያንዳንዱ ዳር ላይ እናቴ ብቅ አለች፤ ነጠላዋ ተንሸራቶ፣ ካሜራውን ሳይሆን እኔን እያየች። ዘመድ እስኪገባ ድረስ ቀና አላልኩም፤ እንባዬንም አልደበቅኩም።

አንድ ፎቶ ብቻ ማስተካከል አላስፈለገውም። ስልክ አቁመው ያነሱት ነው፤ ፍሬሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶታል። እናቴ መሃል ላይ፣ አባቴ አጠገብ፣ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ከመሞቷ በፊት የነበረው መስቀል ነው። እኔ ያን ቀን ሱሉልታ ቀረጻ አለብኝ ብዬ ቀርቻለሁ።

አባቴ አይቶ ደስ አለው። «ይቺን እንኳ አልቆረጥካትም» አለ።

ፎቶውን ያነሳችው እህቴ በትከሻዬ ላይ አጮለቀች። «እዚህ ላይ እንዴት መሃል ቆመች?» አልኳት።

«አንተ አልመጣህማ» አለችኝ። «ማንን ትያዝ?»