እህቴን ባሕር ሲወስዳት

ትናንት ከዝናቡ በኋላ ልደታ ማርያም አጠገብ ጎርፍ መንገዱን ሞልቶት፣ አንዲት እናት ከማዶ ልጇን «ነይ! ወደ እኔ ነይ!» እያለች ስትጠራ ሰማሁ። ልጅቷ በደህና ተሻገረች። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

አባታችን አሰብ ወደብ ይሠራ በነበረ ጊዜ፣ ታናሽ እህቴን ስትዋኝ ኃይለኛ ውሃ ወደ ውስጥ ወሰዳት። እኔም ከዳር ሆኜ እንደዚያች እናት እጮህ ነበር። እህቴ በድምፄ አቅጣጫ ትታገላለች፤ ውሃው መልሶ ይጎትታታል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሮጠው መጥተው አፌን በእጃቸው ከደኑት። እጃቸው ጨውና ዓሣ ይሸት ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ! ስትጠሪያት እኮ ነው ጉልበቷን የምትጨርሰው! የሚጎትታት ውሃ ጠባብ ነው፤ ወደ ጎን ትውጣ!»

ጥምጣማቸውን ፈትተው እያውለበለቡ በባሕሩ ዳር ወደ ጎን ሮጡ። እህቴ አየቻቸውና ወደ ጎን መዋኘት ጀመረች። ውሃው ለቀቅ ሲያደርጋት ገብተው በክንዷ ጎትተው አወጧት።

አሸዋው ላይ ተኝታ እየሳለች፣ መጀመሪያ ያለችኝ «ለምን ዝም አልሽ?» ነው። ሽማግሌው ያሉኝን ነገርኳት።

«እሺ» አለች።

አሁን ሁለታችንም አርጅተን አንድ ቤት እንኖራለን። ከጓዳ ስትጠራኝ «አቤት» ለማለት ትንሽ ከዘገየሁ፣ ድምጿ ይለወጣል።