ሁለት ድስት፣ አንድ ጭልፋ

ልጄ ስምንት ዓመት ሲሆናት ዐሥርቱን ትእዛዛት ያለ አንድ ስህተት በቃሏ ትወጣቸው ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንበር ላይ አቆማታለሁ፤ እሷ ትላለች፣ እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ። አንዷን ከሳተች እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ባለቤቴ ይስቅብኛል፤ ኮሌጅ ውስጥ ስለማስተምር መንግሥተ ሰማያት የሚገባውም በፈተና ይመስለኛል እያለ። እኔ ግን እፈራ ነበር። ከጎጃም ወደ ጅማ ስንመጣ አያት የለ፣ አክስት የለ፤ ሃይማኖቷን እኔ ካልያዝኩላት ማን ይይዝላታል እል ነበር። በልጄ ደግሞ እኮራ ነበር፣ አልዋሽም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበሩን አቀርባለሁ።

ሰቶ ሰመሮ ሰፈር የምንኖርበት ቤት አጥሩ ከአንዲት አዛውንት ሙስሊም ጎረቤታችን ጋር አንድ ነው። ከአጋሮ በወጣትነታቸው ተድረው መጥተው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው። እኔንም ልጄንም የሚጠሩን "ኢንተላ ኮ" እያሉ ነው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጄ መራመድ የጀመረችው የእሳቸውን ቀሚስ ይዛ ነው። በፍልሰታ እሳቸው ጋ ስትሄድ ወተቱን ከዓይኗ ያርቁታል፤ ጾሟን ከእኔ ይልቅ የሚጠብቁላት እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዓል ሲመጣ ሥርዓት አለን። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፤ በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም። ለአረፋ ባለቤቴን ጠርተው ለእኛ የሚሆን ዶሮ ያሳርዱታል። ለፋሲካ ደግሞ ቅዳሜ አረንጓዴ ክዳን ያለው የራሳቸውን ድስት ከነጭልፋው ይልኩልኛል። በነጋታው ሰርቦ ከተማ ሱቅ ያለው ጎልማሳ ልጃቸው በጠዋት መጥቶ ዶሮውን ቢስሚላህ ብሎ ያርድልኛል፤ እኔ እሠራዋለሁ፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ይበሉታል። ያን ድስት የሚነካ ከእኛ ቤት ዕቃ የለም። ጭልፋው እንኳ ለብቻው ሚስማር አለው።

ካቻምና ፋሲካ ግን ጉድ ሠራሁ። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አድሬ፣ እንቅልፍ ሳይነካኝ ሁለቱን ድስት ጎን ለጎን ጥጄአለሁ። ልጄ አረንጓዴውን ክዳን ይዛ አጠገቤ ቆማለች። የእሳቸውን ወጥ ሳየው ቀጠነብኝ። እናቴ ወጥ ሲቀጥንባት ከሌላው ድስት ጨልፋ ታወፍረው ነበር፤ እጄም የለመደውን አደረገ። ከእኛ ድስት በእኛው ጭልፋ አንድ ጊዜ ጨልፌ ጨመርኩ። ሁለተኛውን ከጨመርኩ በኋላ ነው የልጄን ዓይን ያየሁት።

"እማዬ፣ ያ የእኛ ነው እኮ" አለችኝ።

የመጣልኝ ሐሳብ ግን ሂጂ ንገሪ የሚል አልነበረም። መረቅ ነው፣ ሥጋ አልጨመርኩም፤ የሰው ልጅ ከሰርቦ ድረስ መጥቶ ያረደው ዶሮ ነው፤ ሌላ ዶሮ ከየት ይመጣል፤ ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ? ክዳኑን ከእጇ ተቀብዬ ገጠምኩት። ለማንም እንዳትናገሪ አልኳት። ቃሌም ቁጣ ነበረበት፤ ጥፋተኛው እኔ፣ ተቆጪዋም እኔ። ድስቱን ራሴ ወስጄ፣ እንኳን አደረሰሽ ተብዬ ተመርቄ ተመለስኩ።

ምሳ ቀረበ። የማዕዱን ጸሎት ሁልጊዜ የምትጀምረው ልጄ ናት። አባቷ ቆሞ ጠበቃት፤ ዝም አለች። ጀምሪ እንጂ አላት፤ ከንፈሯን ነከሰች። አሟት መስሎት ግንባሯን ዳሰሳት። እሷ ግን እኔን እኔን ታያለች። በመጨረሻ ጠየቀችኝ፦

"ለእግዚአብሔርም እንዳልናገር ነው?"

ባለቤቴ ምኑም አልገባውም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ አፈርኩ። ልጄ ትእዛዜን እየጠበቀች ነበር፤ ለማንም ስላልኳት ለማንም። ከአፏ ጸሎቱን የወሰድኩባት እኔ ነኝ፣ በጣቴ ስቆጥርላት የኖርኩት። ያን ያህል ራሴን የጠላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እጇን ይዤ ወጣሁ። ነጠላዬን እንኳ አላነሳሁም። በአጥሩ መካከል ያለችውን በር ስንገፋ ከሶላት ተነሥተው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ እንጀራው ተዘርግቷል፣ ክዳኑ ተከፍቷል፣ ልጃቸው ጭልፋውን ይዟል። እንዳይበሉ ለመንኳቸው። ያደረግሁትን ነገርኳቸው፤ አውቄ ዝም ማለቴንም ጨምሬ፣ ልጄን ዝም ማሰኘቴንም። ያን መጨመሩ ከሁሉ ከበደኝ።

ልጃቸው ጭልፋውን አስቀመጠና ተነሥቶ ወጣ። አልፈርድበትም። ያረደልኝ አምኖኝ ነው። እሳቸው ለራሳቸው አልሀምዱሊላህ አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሳላውቅ ብበላው አላህ እኔን አይጠይቀኝም ነበር" አሉ። "አንቺን ነበር የሚጠይቅሽ። ማን ነው ያመጣሽ?"

ልጄን አሳየኋቸው። ጠርተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት፤ ዐሥር ዓመት ሊሞላት ምንም ያልቀራትን ልጅ እንደ ሕፃን። እኔን ግን ተቀመጪ አላሉኝም። ድስቱን መልሼ እንድወስደው፣ ለእሳቸው ከእንግዲህ እንደማይሆን በለሰለሰ ድምፅ ነገሩኝ። ቂጣ በማር በሉ ያን ቀን፣ በእኔ ፋሲካ። እኛም ቤት የተመለስነው ወጡ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ልጄ ሳትጠየቅ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመረች። በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ላይ ስትደርስ ከእሷ ጋር ማለቱን አቆምኩ፤ እሷ ጨረሰችው።

ዓመቱን ሙሉ ሰላምታቸው አልጎደለም። አቮካዶ ሲደርስ እንደ ወትሮው በአጥር ላይ ያቀብሉናል። ልጃቸው እንኳ ከወራት በኋላ ከሩቅ እጁን አነሣልኝ። ስለ ድስቱ ግን እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አልደፈርኩ። አረንጓዴው ክዳን ያለው ድስት መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ጠዋት ማታ ያየኛል። አረፋ ላይ ባለቤቴን ጠርተው ዶሯችንን ሲያሳርዱት ይበልጥ ተሸማቀቅሁ፤ እሳቸው የእኛን ሥርዓት እየጠበቁ ነበር። እሑድ እሑድ ልጄን ወንበር ላይ ማቆም ተውኩ። አብረን ቁጭ ብለን እናነባለን፤ የተሳሳትኩትን ሳምንት ሳምንቱን እኔም እነግራታለሁ። መጀመሪያ ላይ ያሳፍር ነበር፤ ዝርዝሬ ከእሷ ይረዝማልና።

አምና የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር። ድስቱ ቀድሞ የሚመጣው በጠዋት ነበር። ረፋዱ አለፈ፤ ቀትርም ሆነ። ሽንኩርቱን ለአንድ ድስት ብቻ ልክተፍ ወይስ ለሁለት እያልኩ ቢላዋዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ፤ ልጄ ግን ሽንኩርቱ ገና እንዳልተላጠ አይታለች።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያቺ የአጥር በር ተንጓጓች። ራሳቸው ናቸው፤ ክዳኑ ሰማያዊ የሆነ አዲስ ድስት በፌስታል ይዘዋል። ዘልዬ ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም። አልፈውኝ ሄደው ልጄን ጠሩና ድስቱን በሁለት እጇ አስታቀፏት፤ ጭልፋውን ከላዩ አኖሩበት።

"ኢንተላ ኮ፣ ይሄ ባንቺ እጅ ነው" አሏት።

በነጋታው ልጃቸው ከሰርቦ መጥቶ ዶሮውን አረደ። ልጄ ወጡ እስኪወርድ ከምድጃው አልራቀችም። እንቁላሉ በስሎ እንደሆነ ላይ ብዬ ስጠጋ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና መጀመሪያ እጄን አየች፣ ከዚያ ጭልፋዬን። ጭልፋዬን አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ።